ዋት ወይስ ወሬ?

በባህል አዳራሽ ውስጥ የሚቆመው አምፕሊፋየር የቴክኒሺያኑ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ሥር ሰድዶ ቆይቷል። ዘፋኙ ስለ ዜማው፣ ገጣሚው ስለ ስንኙ፣ የባህል ሥራ ኃላፊው ስለ በጀቱ ሲጨነቅ፣ ያ ሁሉ ድካም ወደ ሕዝቡ ጆሮ የሚደርስበት መሣሪያ ግን በካርቶኑ ላይ በታተመው ትልቅ ቁጥር ብቻ ተመዝኖ ይገዛል። «ይኼኛው 500 ዋት ነው፤ ያኛው 2000 ዋት ነው» ይባላል፤ ውይይቱም በዚያው ይዘጋል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ልማድ ነው። ሙግቱም አጭር ነው፦ የተለካበት ሁኔታ ያልተነገረለት ዋት ልኬት ሳይሆን ወሬ ነው። ሁለት ቻናሎችን በማጣመር «ኃይል በአራት ይባዛል» የሚለው ስብከትም የዚሁ ወሬ ታናሽ ወንድም ነው።

አቡጀዴ በክንድ ሲለካ የማን ክንድ እንደሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን የሚቆጥር ገዢ ይጎዳል። ዋትም እንዲሁ ነው። አንድ አምፕሊፋየር ለአንዲት ቅጽበት፣ በአንድ ቻናል ብቻ፣ ድምፁ እየተሰባበረ የሚሰጠው ኃይል አለ። ይኸው መሣሪያ ሁለቱም ቻናሎቹ በአንድነት እየሠሩ፣ ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ፣ ድምፁ ሳይዛባና ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ደግሞ አለ። ሁለቱም በአንድ ስም «ዋት» ይባላሉ። የመጀመሪያው ለነጋዴው ይጠቅማል፤ አዳራሹን ሞልቶ ለተቀመጠው ሕዝብ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

ይህ መደበላለቅ እንዲሁ በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስቲሪዮ ገበያ ሲደራ፣ አምራቾች «የሙዚቃ ኃይል»፣ «የጫፍ ኃይል» የሚሉ ስሞችን እያወጡ ቁጥራቸውን ማሳበጥ ያዙ። በመጨረሻም የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት መዝናኛ የሚሸጡ አምፕሊፋየሮችን የሚመለከት ደንብ አወጣ። በማስታወቂያው ዋት የሚጠቅስ አምራች ሁሉ በስንት ኦም ላይ እንደተለካ፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ኸርዝ እንደሚይዝና የድምፁ መዛባት በመቶ ስንት እንደሆነ አብሮ እንዲናገር ተገደደ። መሣሪያውም ከመለካቱ በፊት በጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ለአንድ ሰዓት እየሠራ እንዲሞቅ ታዘዘ። ያ የሙቀት ፈተና በኋላ ቢቀልም ደንቡ አልተሻረም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2024 የመለኪያ ሁኔታዎቹ አንድ ወጥ እንዲሆኑ ተሻሽሏል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ነጋዴው እውነተኛውን ቁጥር የተናገረው ሕሊናው ስለወቀሰው ሳይሆን ጠያቂ ስለተነሣበት ነው።

ጠያቂ በሌለበት ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ በትንንሽ የጠረጴዛ ስፒከሮች ላይ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ተብሎ የሚጻፈውን ይመልከት። ይህ አጠራር የታወቀ የአለካክ ሥርዓት የለውም፤ አምራቹ የወደደውን ቁጥር ይጽፍበታል። ካርቶኑ 1000 ዋት ይላል እንበል፤ ከሶኬት ኃይል የሚያመጣለት አዳፕተር ግን 12 ቮልት በ2 አምፔር ከሆነ፣ በጠቅላላው ወደ ውስጥ የሚገባው 24 ዋት ብቻ ነው። 24 ገብቶ 1000 ያለማቋረጥ የሚወጣበት መሣሪያ ገና አልተፈጠረም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማጣመሩ እንምጣ። ባለሙያዎች ብሪጅ ይሉታል፤ በቋንቋችን ድልድይ ብንለው ያስኬዳል። በተለመደው አሠራር የስፒከሩ አንዱ ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ ቻናል፣ ሌላው ጫፍ ከመሣሪያው ዜሮ መስመር ጋር ይያያዛል። በድልድይ አሠራር ግን ሁለቱም ጫፎች ከሁለት ቻናሎች ጋር ይያያዛሉ፤ ሁለተኛው ቻናል የሚያወጣውም የመጀመሪያውን ግልባጭ ነው። ሁለት ሰዎች ግንድ በመጋዝ ሲቆርጡ አንዱ ሲገፋ ሌላው እንደሚስብ ሁሉ፣ ሁለቱ ቻናሎች አንዱን ስፒከር በተቃራኒ አቅጣጫ ያንቀሳቅሱታል። በመሆኑም በስፒከሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት እጥፍ ይሆናል። ኃይል ደግሞ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦም ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ ቮልት እጥፍ ሲሆን ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሰባኪዎቹ አልዋሹም። ስህተታቸው ስሌቱን እዚህ ላይ ማቆማቸው ነው።

እስቲ ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። በ8 ኦም ላይ በየቻናሉ 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር እንውሰድ። እያንዳንዱ ቻናል 28.3 ቮልት ያወጣል፤ በስፒከሩ የሚያልፈውም 3.5 አምፔር ያህል ነው። ሁለቱ ተጣምረው ያንኑ የ8 ኦም ስፒከር ሲያንቀሳቅሱ 56.6 ቮልት ይሆናሉ፤ 400 ዋት ለመድረስ ግን 7.1 አምፔር መፍሰስ አለበት። ይህ አምፔር በሁለቱም ቻናሎች ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቻናል የ8 ኦም ሳይሆን የ4 ኦም ስፒከር የተሸከመ ያህል ይከብደዋል። ታዲያ ይህ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ላይ በየቻናሉ የሚችለው 160 ዋት ብቻ ቢሆንስ? በድልድይ የሚሰጠው የዚያን እጥፍ፣ 320 ዋት ነው። የተሰበከው 400 የትም የለም።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ይኸው አምፕሊፋየር ሳይጣመር በ4 ኦም ላይ ሁለቱ ቻናሎቹ በድምር የሚሰጡት ስንት ነው? 160 እና 160፣ 320 ዋት! ድልድዩ አንዲት ዋት እንኳ አልጨመረም። በሁለት ስፒከር ላይ ሊከፈል ይችል የነበረውን ኃይል ወደ አንድ ስፒከር አዞረው እንጂ አዲስ ኃይል አልፈጠረም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ በእርግጥ ይበልጥ ይስባሉ፤ ይሁን እንጂ የሚበሉት ከአንድ ግርግም ነው። የአምፕሊፋየሩ ግርግም ትራንስፎርመሩ ነው፤ እርሱ የማይችለውን ጫና ሁለቱ ቻናሎች ከየትም አያመጡትም።

አደጋው የሚጀምረው ይህን ያልተረዳ ሰው በተጣመረው አምፕሊፋየር ላይ የ4 ኦም ስፒከር፣ ወይም ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮችን ሲጭንበት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም የተሸከመ ያህል ይሆናል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለዚህ አልተሠሩም። ዕድል የቀናው መከላከያው ሠርቶ በመድረኩ መካከል ዝም ይላል፤ ዕድል የጎደለው ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። እንዲሁም በድልድይ አሠራር ከስፒከሩ ሁለት ጫፎች አንዱም ዜሮ ስላልሆነ፣ አንዱ ሽቦ የመሣሪያውን ብረት ቢነካ ቻናሉ ከዜሮ መስመር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። «እገሌ አጣምሮት አዳራሹን አናወጠው» ተብሎ የሚደረግ ነገር ፍጻሜው ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሆናል።

ይህን ስንል ድልድይን ማውገዛችን አይደለም። ድልድይ ሊቃውንት ለእውነተኛ ችግር ያበጁት መፍትሔ ነው። የመኪና ሬዲዮ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመኪናው ሞተር ሲሠራ ያለው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ያህል ነው፤ ከዚህ ቮልት አንድ ተራ ቻናል በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሊያወጣ የሚችለው ንጹሕ ድምፅ 6.5 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በውስጡ በድልድይ የተሠራ ቻናል ግን ወደ 26 ዋት ይጠጋል። ይህ የሚመሰገን ጥበብ ነው። ታዲያ በሬዲዮው ፊት ላይ «50 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ? ሞገዱ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሆኖ ቢወጣ የሚደረስበት ጣራ 52 ዋት ያህል ስለሆነ ነው። በቁጥሩ የተጻፈልን ኃይል ሙዚቃው ሙዚቃ መሆኑን ካቆመ በኋላ የሚገኘው ኃይል ነው ማለት ነው። ጥበቡ እውነተኛ ሲሆን ጽሑፉ ሐሰተኛ ሆነ።

«ይሁን፤ ቁጥሩ ቢጋነንስ የኪነ ጥበብ ሰው ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። የሚጎዳው ቃሉ ነው። ከአቅሙ በላይ የተነዳ አምፕሊፋየር የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ በቀጭን ድምፆች ላይ የማይገባ ጫና ይጥላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቃጠለውም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ ነው። እርሱ ሲሞት ሰ፣ ሸ፣ ጸ የመሳሰሉት ድምፆች አብረው ይደበዝዛሉ። የሚቀረው ጉምጉምታ ነው። ግጥማችን ደግሞ በሰምና ወርቅ የሚኖር ግጥም ነው። በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ትርጉሙ የሚገለበጥ ኅብረ ቃል፣ ፊደሉ ራሱ ካልተሰማ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይገኝም። ባለ ቅኔው የደከመበትን በካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር በላው።

«ለአዳራሻችን ኃይል ያንሰናል» ለሚሉትም መልስ አለን። ኃይል እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በግምት «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል ሲጨምር፣ ማለትም ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲሆን ነው። በሌላ በኩል በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አለ፤ 100 ዴሲቤል የሚሰጥም አለ። ሁለተኛው በ10 ዋት የሚያሰማውን ለማሰማት የመጀመሪያው 100 ዋት ይፈልጋል። እንግዲህ ስለ ስፒከሩ ሳይጠይቅ አምፕሊፋየር ብቻ የሚያሳድድ ገዢ ውሃውን በቀዳዳ እንስራ እየቀዳ ምንጩን የሚወቅስ ነው። በሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስም፣ ስፒከሩን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ ያለ ምንም ወጪ ኃይል እንደመጨመር ይቆጠራል። የጆሮ ጤናም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ በመዝናኛ ሥፍራዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ጩኸት ሁሉ ኪነት አይደለም።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ሥራ አለ። የግዢ ወረቀት ላይ የሚፈርም ኃላፊ ከፊርማው በፊት አምስት ጥያቄ ያቅርብ፦ ይህ ዋት ያለማቋረጥ የሚሰጥ ነው ወይስ የቅጽበት? በስንት ኦም ላይ ተለካ? ሁለቱም ቻናሎች በአንድነት እየሠሩ ነው? ከየትኛው እስከ የትኛው ኸርዝ? መዛባቱ በመቶ ስንት ነው? በድልድይ የሚሠራ ከሆነም አምራቹ የፈቀደው ዝቅተኛ ኦም ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ሻጭ ዕቃውን ይዞ ይመለስ፤ የሕዝብ ገንዘብ የወሬ ዋጋ አይደለም። የፊዚክስ መምህሩ የቮልትና የኦምን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አድርቆ ከማስቀረት ይልቅ፣ ተማሪዎቹ ካርቶን ላይ የተጻፈን ቁጥር ከአዳፕተሩ ቮልትና አምፔር ጋር እንዲያመዛዝኑ ያድርግ። አርቲስቱም «አስጩኸው!» ከማለቱ በፊት «ቃሌ ይሰማል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከመድረክ ወርዶም ከአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ቆሞ ያዳምጥ።

በተጭበረበረ ቁና እህል የሚሰፍር ነጋዴ በገበያ መካከል ይወገዛል። በተጭበረበረ ዋት ድምፅ የሚሰፍረው ከውግዘት የሚያመልጥበት ምክንያት የለም። ቁናው ይፈተሽ።