መነጽሩን ለባለቤቲቱ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎትና ያልተሠራ ቤት ውስጥ የገቡ በሚያስመስለው መነጽር መንደፍ ይማሩ የሚለውን አሳብ እደግፋለሁ። ዕውቀት ከባሕር ማዶ መምጣቱ አዲስ አይደለም፤ የሕንፃ ኮሌጃችንም በ1954 (እ.ኤ.አ.) በስዊድኖች ርዳታ የተቋቋመ ነው።

ነገር ግን መሣሪያው የተማረው በአብዛኛው ከውጭ አገር ቤቶች ሥዕል ነውና፣ የሐራን ቤት ንደፍ ቢሉት ሁለንተናው መስተዋት የሆነ ቤት ቢያወጣ አይደንቅም፤ በሐራ ቀትር እንዲህ ባለ ቤት መቀመጥ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ወደ ሐራ ወርዶ የጭቃውን ግድግዳ ይለካ፤ ቆርቆሮው በስንት ሰዓት እንደሚግል ይመዝግብ። መነጽሩንም ከመምህሩ በፊት ለባለቤቲቱ ያድርግላት። እርሷ ፕላን ማንበብ ባትችልም፣ መሠረቱ ሳይቆፈር ማድቤቱን አይታ «ጢሱ መኝታ ቤት ይገባል» ትላለች። የማርኩም እኩሌታ በእርሷ ቃል ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

አንድ መምህር
ከሐራ