በመጀመሪያው ዓመት ጠመንጃ አትያዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙስ ለማደን የሚወጣ ሰው ጠመንጃ መያዝ የለበትም። ለስለስ አድርጌ ልናገረው እችል ነበር፤ አልፈልግም። የመጀመሪያው ዓመት የሸክም፣ የቢላ፣ የገመድና የዝምታ ዓመት ነው። ቃታው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

እንዲህ የምለው ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የተገለበጠ ስለሆነ ነው። መመሪያዎቹም ቪዲዮዎቹም የሚጀምሩት ከዕቃ ነው፦ የትኛው ጠመንጃ፣ የትኛው መነጽር፣ የትኛው ጃኬት፣ የትኛው ቦት ጫማ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ትልቅ ቀንድ በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ ይላል። በጥይቱና በፎቶው መካከል ስላለው ረጅም ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት መስመር። እኔ ደግሞ አደን ማለት እሱ ሁለት መስመር የተሰጠው ክፍል ነው እላለሁ።

የምኖረው በሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ አካባቢ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። እዚህ የሙስ አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ ሊያልቅ ወይም ጳጉሜን ሲገባ ማለት ነው። በደቡብ ስዊድን ደግሞ በኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ። እንስሳውን ለማታውቁት፣ ሙስ ከአጋዘን ዘመዶች ሁሉ ትልቁ ነው። እዚህ ያለው አዋቂ ወንድ 400 ኪሎ ያልፋል፤ አላስካ ውስጥ 700 ኪሎ የሚያልፍም አለ። ዓይኑ ደካማ ነው፤ አፍንጫውና ጆሮው ግን ከናንተ ዝግጅት ሁሉ ይቀድማሉ።

ሀበሻ ወዳጆቼ አደን እንደምወጣ ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ስንት ገደልክ?" ሁለተኛው፦ "በምን ጠመንጃ?" "እንዴት ከጫካው አወጣችሁት?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

የጠመንጃው ጥያቄ እኮ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ስዊድን ውስጥ ሕጉ ራሱ መልሶታል። ለሙስ የሚተኮስ ጥይት ክብደቱ 10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ 100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2000 ጁል ኃይል ሊኖረው ይገባል። ከ9 እስከ 10 ግራም ባለው ደግሞ 2700 ጁል። ይህን የሚያሟላ አሮጌ ጠመንጃ በደንብ ይበቃል፤ ሙሱ ዋጋውን አይጠይቅም። ፈተናውም ቢሆን የሚታለፍ ነው። የአደን ፈተናው የጽሑፍ ክፍል 70 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 60 መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የተግባር ተኩስ አለ። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ያለፈ ሰው ይህንን አጥንቶ ያልፋል። ማለፍ ማለት ግን ሕጉ አይከለክላችሁም ማለት ነው። ዝግጁ ናችሁ ማለት አይደለም።

በእኔ ሙያ አዲስ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደንበኞች የሚጠቀሙበትን ዳታቤዝ እንዲነካ አይፈቀድለትም። ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም፤ ሲስተሙ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ገና ስላላየ ነው። መጀመሪያ ሌሎች ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ይቀመጣል። ያውም ዳታቤዝ ባክአፕ አለው። ጥይት የለውም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እንደሚያስረዳው፣ 725 ኪሎ ገደማ ከሚመዝን ሙስ ወደ 225 ኪሎ የሚበላ ሥጋ ይወጣል። አንድ ሰው በጀርባው 35 ኪሎ ቢሸከም ሰባት ምልልስ ነው። እንስሳው የወደቀው ከመንገድ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ሰባት ጊዜ ተሸክሞ መውጣትና ስድስት ጊዜ ባዶ መመለስ 26 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያውም አስፋልት ላይ አይደለም፤ ረግረግ ውስጥ፣ በወደቀ ጥድ ላይ፣ ጉልበት በሚውጥ ሣር መካከል። እዚህ ስዊድን ብዙ ጊዜ ሞተርና ዊንች ይረዳናል፤ ሞተሩን የሚውጥ ረግረግ ግን ሞልቷል። ቀንዱን ብቻ ይዞ መውጣት ያማረው ሰው ደግሞ አላስካ ላይ ሕግ ይጠብቀዋል። የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው፤ የጎድኑ፣ የአንገቱና የፍሪምባው ሥጋ ሳይቀር። ቀንዱም ከሥጋው ቀድሞ ከቦታው አይነሳም። ሕጉን የጻፈው ሰው የኛን ተረት የሰማ ይመስላል፦ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ሥጋው ደግሞ ቆሞ አይጠብቃችሁም። የሙስ ቆዳ ለሰሜን ዋልታ ብርድ የተሠራ ነው፤ እንስሳው ሞቶም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሴፕቴምበር ላይ ፀሐይ የሚያወጣ ቀን አለ። ቶሎ ካልተከፈተና ካልቀዘቀዘ ታፋው ከአጥንቱ ሥር ይጀምርና ይበላሻል። ሆዱን ስትከፍቱ ጨጓራውን ወይም ፊኛውን ከወጋችሁት ደግሞ ሥጋውን አበላሻችሁት። ለበዓል በግ ገፎ የሚያውቅ ሰው፣ ውድ ጃኬት ከለበሰ ጀማሪ በብዙ ይሻላል። ቢሆንም በግ ግንድ ላይ ይሰቀላል፤ ሙስ ግን የሚገለበጠው ከወደቀበት ነው፤ አንድ እግሩን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከተሰቀለ በኋላም ሥራ አለ። ስዊድኖች በየቀኑ ያለውን የሙቀት መጠን ይደምራሉ፤ ድምሩ 40 አካባቢ ሲደርስ ሥጋው ደረሰ ይባላል። 5 ዲግሪ ላይ ስምንት ቀን፣ 8 ዲግሪ ላይ አምስት ቀን። ይህን ሁሉ መማር የሚቻለው እጅ በደም ተነክሮ ነው፤ ለመማር ግን ራሳችሁ መግደል አያስፈልጋችሁም። ሌላ ሰው የገደለው ሙስ እኩል ይከብዳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሸክሙ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ቆስሎ የሄደ እንስሳ ነው።

ፊልም ላይ የተመታ እንስሳ ባለበት ይወድቃል። ሙስ ሳንባውን ተመትቶም ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ወይም ምንም እንዳልሆነ ሰው ረጋ ብሎ ጥድ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚያጠፋው። አንዱ "ሳትኩት" ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ እየሮጠ ይከተለዋል፤ ቢተወው ኖሮ እዚያው አጠገብ ይተኛ የነበረውን እንስሳ ኪሎ ሜትሮች ያባርረዋል። የበሰለ አዳኝ እንደገና ያጎርሳል፤ እንስሳው የቆመበትንና የሄደበትን አቅጣጫ በዓይኑ ይይዛል፤ በሬዲዮ ለመሪው ይነግራል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ቆይቶ ነው ጠጉርና ደም የሚፈለገው። አረፋ ያለው ቀይ ደም ሳንባ ነው። የጨጓራ ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ ሆዱ ተመትቷል ማለት ነው፤ ያኔ ሌሊቱ ረጅም ነው። የስዊድን ሕግ በሙስ አደን ላይ የቆሰለ እንስሳ የሚፈልግ የሠለጠነ ውሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ መድረስ መቻል አለበት ይላል። ይህ ሕግ ለምን እንደተጻፈ አስቡት። የተለማመዱትም ስለሚስቱ ነው። እንግዲህ ያልተለማመደው ምን ሊሆን ነው?

ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዓመት ከውሻ ያዡ ጋር አሳልፉ የምለው። አንድ ጊዜ ደም እየተከተላችሁ ረግረግ ውስጥ ከዋላችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጣታችሁ ቃታው ላይ ሲያርፍ ያ ቀን ትዝ ይላችኋል። ከየትኛውም መነጽር በላይ እጅን የሚያረጋጋው ይኸው ነው።

አለመተኮስም ትምህርት ነው፤ እንዲያውም ትልቁ። እናትና ጥጃ አብረው ከመጡ መጀመሪያ የሚተኮሰው ጥጃው ነው፤ እናቱ ቀድማ ከወደቀች ጥጃው ክረምቱን ብቻውን ይጋፈጣል። በብዙ የአላስካ አካባቢዎች ደግሞ ወንዱ የሚፈቀደው የቀንዱ ስፋት 50 ኢንች፣ ማለትም 127 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ አለበለዚያም በግንባሩ በኩል ያሉት የቀንድ ጣቶች በአካባቢው ደንብ የተወሰነውን ቁጥር ሲያሟሉ ነው። ይህ የሚቆጠረው በቅርንጫፍ መካከል፣ ልብ እየመታ፣ በሰከንዶች ውስጥ ነው። ከጀርባው ምን አለ? መንገድ? ውሻው? ሌላ አዳኝ? እንስሳው ጎኑን ሰጥቷል ወይስ ጀርባውን? ከነዚህ አንዱ ካልተመለሰ መልሱ አይተኮስም ነው። ጠመንጃ ሳትይዙ እነዚህን ውሳኔዎች በልባችሁ መወሰን ትችላላችሁ። ሙሱ ሲያልፍ "አሁን እተኩስ ነበር? ለምን?" ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን አዳኝ ጠይቁት። ቢሳሳቱም የሚሞት የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ ፉከራ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳዩን በሕዝብ ፊት እየቆጠረ ይፎክር ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች በዛሬ ሚዛን ለመውቀስ አይደለም። ግን ያ "ስንት ገደልክ?" የሚለው ጥያቄ ዛሬም አፋችን ላይ አለ፤ ቪዲዮዎቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ እየፎከሩ ያራግቡታል። አገራችን ውስጥም አደን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የውጭ ሀብታም በብዙ ሺህ ዶላር የደጋ አጋዘን ገድሎ ቀንዱን ጭኖ ሲሄድ ነው። እኔ ያለሁበት ቡድን ውስጥ ግን የሚከበረው ብዙ የገደለው ሰው አይደለም። የሚከበረው ጠዋት ውሻውን ይዞ የወጣው፣ ማታ በባትሪ ብርሃን ሙስ ሲገፍ ያመሸውና በማግስቱ ያለ ማጉረምረም የሚነሳው ነው። ወሬ የሚያበዛ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት አይጠራም።

እሺ፣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። "ሰው የሚማረው እየሠራ ነው" ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ከሥራው አብዛኛው ግን መተኮስ አይደለም። "የዓመት ፈቃዴን የምጨርሰው ሸክም ልሸከም ነው?" አዎ። ሸክሙን የጠላ ሰው አደኑንም አይወደውም፤ ያንን በአንድ ሳምንት ማወቅ ጠመንጃና የጠመንጃ ሣጥን ገዝቶ ከማወቅ ይረክሳል። "እኔ በደንብ እተኩሳለሁ" የሚልም አለ። ደስ ይላል። እዚህ የተኩስ ሜዳ ላይ በ80 ሜትር ርቀት የሚሮጥ የሙስ ምስል አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ሂዱና ተኩሱበት። ምስሉ ግን አይደማም፤ ተመትቶም ጫካ አይገባም።

"ለምን ጭራሽ ይታደናል?" ለሚለው የራሴ መልስ አለኝ፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ፦ መግደል ከባድ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ከእኔ ጋር ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከባድ ስለሆነ በችኮላ አይጀመርም።

አንዳንዶች ደግሞ ይበላል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሙስ ያመሰኳል፤ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። በጥይት መሞቱ ያሳሰበው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እኔ መሐንዲስ ነኝ።

ስለ መብላት ከተነሳ፣ በብዙ የስዊድን አደን ቡድኖች ሥጋው የሚከፈልበት መንገድ ለሀበሻ እንግዳ አይደለም። ታፋው፣ ወርቹ፣ ሽንጡና ጎድኑ እኩል እኩል ይመደባል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ቅርጫ ነው በቃ። የገደለው ሰው ስለገደለ ሻል ያለ መደብ አይመርጥም፤ ዕጣው ያመጣለትን ይወስዳል። በእኛ ቡድን ጠመንጃ ያልያዘውም፣ የተሸከመው፣ የገፈፈው፣ ገመድ የሳበው ድርሻ አለው። በቅርጫ ላይ "በሬውን ማን ጣለው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ለመጀመሪያ አደናችሁ ይህን ያዙ። ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ሁለት የተሳሉ ቢላዎች፣ ጠንካራ ገመድ፣ የራስ ባትሪ፣ ሥጋ የሚያስተነፍስ የጨርቅ ከረጢት። ቡድን ፈልጉና "ልሸከምላችሁ" በሏቸው፤ ትከሻ የሚያበድር ሰው እምቢ የሚል ቡድን ብዙ አይገኝም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ሬዲዮው ሲንሾካሾክ ዝም በሉ። ማታ እጃችሁን ስትታጠቡ ስንት ኪሎ እንደተሸከማችሁ አስሉ። በሚቀጥለው ዓመት ጠመንጃ ስትይዙ ያ ክብደት አብሮት ይመጣል።