የአዳራሽ መብራት በአምፖል ዋጋ ብቻ አይገዛ

አዳራሽ የሚያስገነባ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በሲሚንቶ፣ በብረትና በሴራሚክ ይጨርስና የመብራቱን ነገር ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየዋል። ኤሌክትሪሺያኑ መርካቶ ይላክና ዋጋው የረከሰውን ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል በካርቶን ይዞ ይመለሳል። ግድግዳው ላይም ለድሮው ቢጫ አምፖል የተሠራ ዲመር ይገጠማል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ዲመሩ ሲዞር መብራቱ ይርገበገባል፣ ይጮኻል፣ ወይም ቀስ ብሎ በመደብዘዝ ፈንታ ድንገት ድርግም ይላል።

ጉዳዩ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጊንጪና ለጌዶ አዳራሾች ግን የገቢ ጉዳይ ነው። በነዚህ ከተሞች አንድ አዳራሽ ጠዋት ሥልጠና፣ ማታ ቴአትር፣ ቅዳሜ ሠርግ ካላስተናገደ ወጪውን አይመልስም። ሥልጠናው ለፕሮጀክተር ደብዘዝ ያለ፣ ቴአትሩ እስከ ጨለማ የሚወርድ፣ ሠርጉ ደግሞ ደመቅ ያለ ብርሃን ይፈልጋል። አምቦ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ርቀቱ ደንበኛ እንደሚያመጣ ሁሉ ደንበኛ ይወስዳል። ቅር የተሰኘ አዘጋጅ ለሚቀጥለው ስብሰባ ዋና ከተማው ሩቅ አይደለም።

ለመሆኑ ችግሩ ከየት ይመጣል? የድሮው ዲመር የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆረጠ ነው ብርሃኑን የሚቀንሰው። ቢጫው አምፖል ይህንን ይችለዋል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን ኃይል የሚያገኘው ድራይቨር በሚባለው መሣሪያ በኩል ስለሆነ፣ ድራይቨሩ ለመደብዘዝ ካልተሠራ የተቆራረጠው ሞገድ ያውከዋል። በዚያ ላይ ዲመሩ በደንብ ለመሥራት ዝቅተኛ ጭነት ይፈልጋል፤ ጥቂት ኤል.ኢ.ዲ. አያሟላለትም። ዓይን የማያየውን መርገብገብ የሠርግ ቪዲዮ ካሜራ መስመር አድርጎ ይቀርጸዋል፤ ሙሽሮቹም ስሞታቸውን የሚያቀርቡት ለባለ አዳራሹ ነው።

ሌላም ሊጤን የሚገባው አለ። ካርቶኑ ላይ «ይደበዝዛል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሰው ዓይን 10 በመቶ የሆነን ብርሃን የሚያየው ሲሶ ያህል አድርጎ ነው። እስከ 10 በመቶ ብቻ የሚወርድ አምፖል ለሆቴል ምግብ ቤት ሊበቃ ይችላል፤ መጋረጃ ሊከፈት ሲል መጨለም ላለበት አዳራሽ ግን አይበቃም። እዚያ የሚያስፈልገው 1 በመቶና ከዚያም በታች የሚወርድ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ቢጫው አምፖል ለመመለስ ምክንያት አይሆንም። ባለ 100 ዋት 60 አምፖሎች 6 ኪሎ ዋት ይወስዳሉ፤ በስድስት ሰዓት 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ተመጣጣኝ ብርሃን የሚሰጡ ባለ 13 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች 780 ዋት፣ በስድስት ሰዓትም 4.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ ትንሽ ጄኔሬተር ይሸከማቸዋል።

መፍትሔው ግድግዳው ሳይለሰን ይጀምራል። ከኃይል መስመሩ ጋር ለመቆጣጠሪያ የሚሆን ሁለት ቀጭን ሽቦ መዘርጋት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚባለው ዘዴ በዚያ ይሠራል፤ የኃይሉን ሞገድ ስለማይቆርጥም በጄኔሬተር ጊዜ ይሻላል። አምፖል፣ ድራይቨርና ዲመር አብረው ይገዙ፤ ካርቶኑ ከመከፈሉ በፊትም ጥቂቶቹ ተገጥመው በጄኔሬተር ጭምር ይሞከሩ። የደረጃና የመውጫ በር መብራት ከዲመሩ ውጪ ይሁን።

የመርካቶ አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። ሦስቱን ዕቃ አጣምሮና ሞክሮ፣ ከዋስትና ጋር የሚሸጥ ነጋዴ በክፍለ ሀገር ከተሞች ሰፊ ገበያ ይጠብቀዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣን ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት የሚያዋጣው ባለ አዳራሽ የለም። በአምፖል ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብሎ የሠርግና የስብሰባ ደንበኛ ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች መሆኑ ነው።