ቱርቦው ይቆይ፣ ካምቢዮው ይቅደም

አሜሪካ ውስጥ ፒክአፓቸውን የሚያጎለብቱ ሰዎች ቱርቦ ሲገጥሙ ይፎክራሉ፤ ካምቢዮው ትዝ የሚላቸው ሲቃጠል ነው። እኛ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባዮች ነን።

የጄኔራል ሞተርስን 4ኤል60-ኢ አውቶማቲክ እንውሰድ። የ3ኛና የ4ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኖቹ ጉልበት ሲበዛባቸው ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፤ ዘይቱም አብሮ ያራል። ስለዚህ መጀመሪያ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ! ርካሽ ስለሆነ ማንም አይኩራራበትም እንጂ። ቀጥሎ የተሻሉ ፍሪሲዮኖች፣ ከፍ ያለ የዘይት ግፊት። ግፊቱ ብቻውን ግን ያለቀ ፍሪሲዮን አያድንም (ማርሽ ሲቀየር እንደ በቅሎ የሚራገጥ መኪና ጠንካራ የሚመስላቸው አሉ)።

ወጪው ከበዛ፣ ከቀድሞው ቲኤች400 የተወለደው 4ኤል80-ኢ አለላችሁ። ይከብዳል፣ ከሞተሩም ጉልበት ይሻማል፤ ግን ይችለዋል። ቱርቦው እስከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ።