ፕሮጀክተሩ ይቆየን፣ መጀመሪያ ልጆቹን እናዳምጥ



በመጪው ክረምት ሳንሱሲ ላይ ለምንሰጠው የእንግሊዝኛ ቱቶሪያል ፕሮጀክተርና ስፒከር ይገዛ፣ መዋጮም ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ በጀማዓችን ተነስቷል። ኒያው ያማረ ነው፤ አላህ ይቀበለው። እዚያው ሰፈር ያደግንና ባለፈው ክረምት ያስተማርን ጥቂት ተማሪዎች ግን ብሩ ከመውጣቱ በፊት የምንለው አለን። አብዛኞቻችን ኢንጂነሪንግ ነን፤ ከማሽን ጋር ጠብ የለንም። አንዱ ወንድማችን ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር ለመሆን እየተማረ ነው። ክርክሩን የጀመረውም እሱ ነው፦ «ፕሮጀክተሩ ሲበራ ክፍል ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?»

አገራችን ይህን በትልቁ ሞክራዋለች። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ፣ ሒሳቡም ሳይንሱም እንግሊዝኛውም በመላ አገሪቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይታይ ጀመር። ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ለእንግሊዝኛ ግን ታላላቆቻችን የሚያወሩት ሌላ ነው። የፕላዝማዋ መምህርት ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰኮንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ክፍሉ ቢመልስም ባይመልስም «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። መምህሩም ጥግ ይዞ አብሮ ይመለከታል። በኛ ትምህርት ቋንቋ ይህ ኦፕን ሉፕ ነው፤ ይልካል እንጂ የተላከው ምን ላይ እንደደረሰ አይለካም።

መድረሳ የተማርን ሰዎች የተገላቢጦሹን እናውቃለን። ቁርኣን ስንቀራ ኡስታዙ ፊት አንድ በአንድ ቀርበን እናሰማለን። ስንሳሳት ያስቆመናል፣ ምላሳችን የት እንዳለ ያያል፣ ያስደግመናል። ካልተስተካከለ ነገም እዚያው አንቀጽ ላይ ነን። (ስንት ቀን አንድ ገጽ ላይ እንደከረምን እናውቃለን!) ግብፃዊው ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ለማስተማሪያ የቀዱትን ልብ በሉ። ሸይኹ አንቀጹን ቀርተው ያቆማሉ፣ ልጆች ይከተላሉ። ያም ቴክኖሎጂ ነው፤ ለተማሪው ድምፅ ግን ቦታ ይተዋል። ሆኖም ካሴቱ መኽረጅ አያርምም፤ ለእሱ ጆሮ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ባለፈው ክረምት ያስገረመን አንድ ነገር አለ። ልጆቹ ሦስትን በእንግሊዝኛ ሲጠሩ «ስሪ»፣ ይህን ለማለት ደግሞ «ዚስ» ይላሉ። እነዚሁ ልጆች ጧት መድረሳ ላይ የዐረብኛውን «ሣ» እና «ዛል» ምላሳቸውን በፊት ጥርሶቻቸው መካከል አድርገው ጥርት አድርገው ያወጣሉ። ድምፁ አንድ ነው! ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከኪሳቸው የማያወጡት ሀብት አላቸው። ይህን የነገራቸው ስክሪን አልነበረም። ያ መምህር ሊሆን ያለው ወንድማችን በስልኩ የልጆቹን ንባብ ቀድቶ፣ ቀጥሎም «ሣ»ን አስብሎ ቀድቶ፣ ሁለቱን ደጋግሞ ሲያሰማቸው ነው የገባቸው። ሳቁ! ከዚያ ራሳቸው ይተራረሙ ጀመር።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይህንን ነው፦ ለአምስት ልጅ አንድ ስልክ፣ አንድ አስተማሪ። ልጁ ትናንት ስለዋለበት አንድ ደቂቃ ይናገር፣ ይቀዳ፣ ይስማው። አንድ ስሕተት ብቻ ይታረም፣ ድጋሚ ይቀዳ። ዳታ አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም። እህቶችን እህቶች ያስተምሯቸው፤ ድምፃቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፣ ቀኑ ሲያልቅ ይጥፋ። ወንዶች ባሉበት ክፍል አፏን የማትከፍት ልጅ እንዲህ ሲሆን ስትናገር አይተናል።

«ቻትጂፒቲ እያለ ምን አለፋን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አሳይመንት እንዴት እንደሚሠራበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጁን ግን ፈተና ክፍል አብሮት አይገባም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቋንቋ ነው አንልም። ጥያቄው ሳይገባው እርሳሱን የሚያሽከረክር ልጅ ግን የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ስሙንም እናውቀዋለን።

የዚህ ሐሳብ ከባዱ ወጪ ሰው ነው። ፕሮጀክተር ከሆነ አንድ ሰው ለ60 ልጅ ያበራል፤ በአምስት በአምስት ከተከፈሉ ግን 12 ወንድሞችና እህቶች በሳምንት ሁለት ቀን ሳንሱሲ ድረስ መምጣት አለባቸው። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ነው። መዋጮው ለትራንስፖርትና ለደብተር ይዋል የምንለውም ለዚህ ነው። እንግሊዝኛችሁ እንደ እንግሊዛዊ ባይሆንም አትፍሩ፤ መስማትና ማስደገም ከቻላችሁ ይበቃል።

ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ስም እንመዘግባለን፣ ኢንሻአላህ። ከአገልግሎት የወጣ ስልክ ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ኑ። ማይኩ ከሠራ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ችግር የለውም።