ባቡር መንዳትና ባቡር ማደስ

ከግንቦት 2016 ዓ.ም ጀምሮ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡር ሥራ ከቻይና ኩባንያዎች የተረከቡት ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ናቸው። ደስ ይላል። ነገር ግን ባቡር መንዳት አንድ ነገር፣ ሎኮሞቲቩ ሲደክም ከፍቶ ማደስ ሌላ ነገር ነው። ስለ ሁለተኛው ብዙም አይወራም።

የዚህ መስመር ክብደቱ ዳገት ላይ ነው። ከውጭ የሚገባው ከባድ ጭነት ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ፣ የአዋሽንና የመተሐራን ሙቀትና አቧራ ችሎ፣ አዳማ ሲደርስ ከ1,600 ሜትር በላይ ወጥቷል። ከዚያም ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይቀጥላል። በ25 ሺህ ቮልት መስመር የሚሠራ ሎኮሞቲቭ በየቀኑ እንዲህ ሲፈተን ማርጀቱ አይቀርም። ያኔ ምን ይደረጋል? አዲስ በዶላር ይገዛል?

እንግሊዝንና ፈረንሳይን በባሕር ሥር የሚያገናኘውን ዋሻ እንይ። መኪና ጭነው የሚመላለሱት ባቡሮች ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲሠሩ ጉልበታቸው 5.6 ሜጋዋት ግድም ነበር፤ ጭነቱ ሲጨምር በኋላ የተሠሩት 7 ሜጋዋት ሆኑ። ከነባሮቹም ብዙዎቹ አልተጣሉም፤ ታድሰው እዚያው ጉልበት ላይ ደረሱ። «የእኛ ሎኮሞቲቮች ጥቂት ናቸው፣ አያዋጣም» ለሚል፣ የዚያ ዋሻ ሎኮሞቲቮችም 60 አይሞሉም። ፋብሪካ ይሠራ ያለ የለም። የሚያስፈልገው ሞተር የሚጠመጥም፣ የኃይል መለወጫውን ካርድ አውጥቶ የሚመረምር የማደሻ ጋራዥ ነው።

ይህ ለአገሩ እንግዳ ሙያ አይደለም። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በባቡር ነው፤ ባለሙያዎቿም የፈረንሳዩን ባቡር ለአሥርተ ዓመታት ሲጠግኑ ኖረዋል። ያ እንፋሎትና ናፍጣ ነበር፤ የዛሬው ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ መለወጥ አለበት። አዳማ ደግሞ ከሰበታ የሚመጣው ድርብ ሐዲድ የሚያበቃባት ከተማ ናት። በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት የጀመረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ አጠገቡ ባለፈው ሎኮሞቲቭ ላይ ካልሠራ በምን ሊሠራ ነው?

ቀጣዩ የመለዋወጫ ውል ሲፈረም ሦስት ነገር ይግባበት፦ የሎኮሞቲቮቹ ሙሉ ንድፍ፣ የሶፍትዌራቸው መግቢያ ፈቃድ፣ የመጀመሪያው ትልቅ እድሳትም እዚሁ፣ በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲሠራ። ሻጩ ይህን በፈቃዱ አይሰጥም። ገዢው መጠየቅ ያለበት ግን ውሉ ሳይፈረም ነው፤ ሎኮሞቲቮቹ ከቆሙ በኋላ የመደራደር አቅም አይኖረውም።