እሺ ማለትና መስማማት

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ በፈቃዱ ለሚታዘዝ መልካም ነው፤ ሰውን ለማስጨነቂያ ሲሆን ግን እቃወመዋለሁ።

መስማማት የሚለው ቃላችን ከመስማት የወጣ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ስምምነት የለም። እጅ መስጠት ግን ለኃይል ነው። ሁለቱም «እሺ» በምትል አንዲት ቃል ስለሚነገሩ ይምታታሉ። ልጅ አለንጋ አይቶ እሺ ቢል ትምህርቱ ገባው ማለት እንዳልሆነ፣ በአስተማሪነቴ ዘመን አይቻለሁ።

በጉና አገር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ምስክር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ የነበሩትን የሚሲዮን ባለእጆች መድፍ ሥሩልኝ ቢሏቸው፣ አናውቅበትም አሉ። ንጉሡ ግን ምክንያታቸውን አልተቀበሉም፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ሥራው ይደነቃል፤ ነገር ግን ያንን እሺታ ስምምነት የሚለው ማን ነው?

ዛሬም ሽማግሎች «ስለ እኛ ብለህ ተው» እያሉ የተበደለውን ሲያስጨንቁት፣ አፍሮ እሺ ይላል፤ ታረቀ ተብሎም ይመረቃል። ልጅቱ ለጋብቻ ተጠይቃ አንገቷን ብትደፋ፣ ፈቀደች ይባላል። በደሉ ግን በሆድ አድሮ ቂም ይሆናል።

ወጣቶች ሆይ፤ ሽማግሌን አክብሩ፣ እርቅንም ውደዱ። ነገር ግን ያልተስማማችሁበትን ተስማማሁ አትበሉ፤ የሌላውንም እሺታ በግድ አትውሰዱ። አስቀድማችሁ ስሙት።